የአቮካዶ ማሳን ከላይ ማየት፡ የይዞታ ካርታው ለፍራፍሬ ልማት ሲውል

የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ የሚተክል አርሶ አደር እስከ መጀመሪያው ለቀማ ሦስትና አራት ዓመት ይጠብቃል። ከፍሬው የበቀለ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። በእነዚህ ዓመታት መሃል በማሳው አንድ ጥግ ያሉ ዛፎች ቅጠላቸው ገርጥቶ ከጫፋቸው መድረቅ ቢጀምሩና ምክንያቱ ሳይታወቅ ቢቀር፣ ኪሳራው ከዛፎቹ ዋጋ በላይ ነው። የተጠበቀው ጊዜም አብሮ ይሄዳል። በቆሎ ቢበላሽ በቀጣዩ ክረምት ይዘራል፤ አቮካዶ ግን እንደ አዲስ ከችግኝ ይጀመራል።

ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው። አርሶ አደሩ በማሳው ውስጥ ሲመላለስ የሚያየው አንዱን ዛፍ ከዚያም ሌላውን ነው። ዛሬ አንዱ ጠውልጓል፣ በሳምንቱ ሁለተኛው ይጨመራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም መጥቶ የሚያየው ያንኑ የታመመውን ዛፍ ነው። የታመሙት ዛፎች በአንድ መስመር ይሁኑ፣ ወደ ቁልቁል ይስፉ፣ ወይም የማሳውን ዳር ይዘው ይሂዱ፣ መሬት ላይ ለቆመ ሰው በቀላሉ አይታይም። ከላይ ለሚያይ ግን በአንድ ጊዜ ይታያል። የአየር ፎቶግራፍና ካርታ ለፍራፍሬ ማሳ የሚሰጡት ዋና ጥቅም ይህ ነው።

ጉዳዩን በሜጫ አካባቢ ማየት ይጠቅማል። የቆጋ መስኖ ወደ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ ከሰብሉ ጎን ለጎን አቮካዶና ማንጎም ይለማበታል። ቀዩ አፈር በአብዛኛው ያይላል፣ አሲዳማነትም አለበት። ዝቅ ባሉት ቦታዎች ደግሞ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ይገኛል። በየማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ተተክሏል። አቮካዶ ከእነዚህ ከሁሉም ጋር መኖር አለበት።

ካርታው ወረዳው እጅ ላይ አለ

የአየር ፎቶ ሲባል ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ድሮን መግዛትን ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው።

የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ በተከናወነባቸው ቀበሌዎች የተሠራውን አርሶ አደሩ ራሱ ያስታውሳል። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ መጀመሪያ ይስተካከላል፤ በተራራና በገደል ምክንያት የሚመጣው መዛባት ተወግዶ በላዩ ላይ ርቀት መለካት እስኪቻል ድረስ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ኦርቶፎቶ ይሉታል። ይህ ፎቶ በወረቀት ታትሞ ወደ ማሳ ወረደ፤ ባለይዞታው ከአዋሳኞቹ ጋር ድንበሩን እየዞረ አሳየ፤ ድንበሩም በፎቶው ላይ ተሰመረ፤ ማሳው ቁጥር ተሰጠው፤ ለሕዝብ አስተያየት ተለጠፈ፤ በመጨረሻም ካርታ ያለበት ማረጋገጫ ተሰጠ። በመጀመሪያው ዙር የተሰጠው ደብተር ግን ካርታ አልነበረውም፣ የአዋሳኞችን ስም ብቻ ነበር የያዘው።

ይህ ሁሉ የተሠራው የመሬት ክርክርን ለመቀነስና የባለይዞታውን መብት ለማረጋገጥ ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን ፎቶው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ጎረቤቱ አልተሻገረም። ብዙውን ጊዜ የግብርና ጽሕፈት ቤቱና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ የፍራፍሬ ባለሙያው ግን የኩታ ገጠሙን ማሳ በእጁ በሣለው ንድፍ ይሠራል፣ አለዚያም ያለ ንድፍ።

መጠኑን ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አገራችን ከ1940ዎቹ ጀምሮ የካርታ ተቋም አላት። በስፋት የሚታወቀው የመልክዓ ምድር ካርታ 1፡50,000 ነው፤ በካርታው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር፣ በዚያ ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊ ሜትር የሆነ ነጥብ ይሆናል። የይዞታው ፎቶ በ1፡2,000 ቢታተም ግን ያው ጥማድ 2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ጎን ይኖረዋል። በ1፡500 ቢታተም ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ7 ሜትር ርቀት የተተከሉ ሁለት ዛፎች በወረቀቱ ላይ 1 ነጥብ 4 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። እያንዳንዱን ዛፍ በእርሳስ ለመመዝገብ ይበቃል።

የይዞታው ፎቶ ዓመታት አልፈውታል፣ አቮካዶው አይታይበትም የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን አሮጌነቱ ራሱ ጥቅም አለው። ከተከላው በፊት መሬቱ ምን እንደነበረ ያሳያል፤ የትኛው ጥግ ረግረግ ሣር እንደነበረ፣ የቀድሞው የከብት መንገድ በየት እንዳለፈ፣ ባሕር ዛፍ የት ቆሞ እንደነበረ። የዛሬው አቮካዶ የሚታመመው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው። (በነገራችን ላይ ከዚህ በጣም የሚያረጁም አሉ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሱ የአየር ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ተቋሙ ተገኝተው ተመራማሪዎች የአገሪቱን የዕፅዋት ሽፋን ለውጥ አጥንተውባቸዋል።)

የታመመው ዛፍ የት ቆሟል?

አቮካዶን ከሚያጠቁት ውስጥ የሚከፋው የሥር አበስብስ በሽታ ነው። መንስኤው ፋይቶፍቶራ የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው፤ ውኃ በተኛበት አፈር ይራባል፤ በሚፈስ ውኃ፣ በዶማና በጫማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፣ እንዲሁም በችግኝ አፈር ይተላለፋል። ቀጫጭኖቹን ሥሮች ያጠቁራቸዋል፣ ሲነኩም ይሰበራሉ። ሥሩ ስለሞተ ዛፉ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ከአናቱ ይደርቃል።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚፈጠረው። የጠወለገ ዛፍ የተጠማ ይመስላል። አርሶ አደሩ ውኃ ይጨምርለታል። ውኃው ደግሞ በሽታውን ያባብሰዋል፣ ወደ ታች ወዳለው ዛፍም ይወስደዋል። ቦይ አጠገብ ያለ ትጉህ ሰው ማሳውን በትጋቱ ሊያጠፋው ይችላል።

የታመሙት ዛፎች በካርታ ላይ ምልክት ሲደረግባቸው ግን ጥማትና የሥር መበስበስ የተለያየ መልክ አላቸው። የሥር መበስበስ ከአንድ ነጥብ ይጀምርና ወደ ቁልቁለቱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ወይም ዝቅ ብሎ ውኃ የሚይዘውን ቦታ ቅርጽ ይይዛል። ጥማት በአብዛኛው መስመር ይከተላል፤ ውኃ የማይደርሰው የቦዩ ጫፍ ነው፣ ወይም አንድ ቦይ ተደፍኖ ከዚያ በታች ያለው ረድፍ በሙሉ ገርጥቷል። ዳሩን ብቻ ይዞ የሚሄድ ድክመት ከሆነ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ማየት ነው፤ የባሕር ዛፍ ተርታ ካለ ውኃውንና ምግቡን እየተሻማ ነው፤ አጥሩ ክፍት ከሆነ ከብት እየገባ ነው። እዚህም እዚያም የተበታተኑ ነጠላ ዛፎች ከሆኑ ደግሞ ፍልፈል ሥር ቆርጦ እንደሆነ፣ ችግኙ ሲተከል የተዳቀለበት ቦታ አፈር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ ወይም የድቅሉ መገጣጠሚያ ሳይያያዝ ቀርቶ እንደሆነ እያንዳንዱን መመርመር ያስፈልጋል።

ፎቶው የበሽታውን ስም አይናገርም። ባለሙያው ዶማውን ይዞ የት መቆፈር እንዳለበት ያሳያል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በደከመው ቦታ መሃል ካለው ዛፍ ይልቅ ጠርዙ ላይ ካለው፣ ገና መገርጣት ከጀመረው ዛፍ ሥር መቆፈር ይሻላል፤ መሃል ያለው ሥሩ በሙሉ ስለሞተ ምንም አያሳይም። ሥሩ ጠቁሮ ከተገኘ ውኃው ይቀነሳል፣ ከላይ በኩል የማጠንፈፊያ ቦይ ይቆፈራል፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ጉዝጓዝ ይደረጋል፣ ከታመመው ጥግ የወጣ ዶማ ሳይታጠብ ወደ ጤነኛው አይገባም። በባዶው ቦታ ላይ እንደገና ቢተከል በጉብታ ላይ መሆን አለበት።

ለዚህ ሁሉ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ የግድ አይደለም። አገራችን ኮረብታማ ናት። ከማሳው ማዶ ከፍ ያለ ቦታ ካለ፣ በየሁለት ወሩ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ በስልክ ፎቶ ማንሳት የዛፎቹን ለውጥ ያሳያል። ሁልጊዜ ከዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት መነሳቱ ብቻ ነው ቁም ነገሩ፤ የጠዋትና የቀትር ጥላ አንድ አይደለምና።

ሳተላይት ምን ያህል ያያል?

ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል በነፃ ይገኛል፤ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ያልፋሉ። የምስሉ ትንሿ ቁራጭ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የእኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ አንድ፣ ከ13 ሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ ነበር የምታየው።

በአንድ ጥማድ ላይ ማስላት ይቻላል። 50 ሜትር በ50 ሜትር በሆነ ማሳ ላይ በ7 ሜትር ርቀት ሰባት ረድፍ ይገባል፣ በረድፉ ሰባት ዛፍ፤ በድምሩ 49። በዚያው ማሳ ላይ ሳተላይቱ 25 ቁራጮች ያያል። ስለዚህ በአንዷ ቁራጭ ውስጥ ሁለት ዛፍ ያህል አለ። አንድ ዛፍ ታመመ ወይ ተብሎ ሳተላይት አይጠየቅም ማለት ነው። 20 ሄክታር የሆነ ኩታ ገጠም ላይ ግን 2 ሺህ ቁራጭ ይገኛል፤ የትኛው ጥግ ከሌላው እንደደከመ ለማወቅ ከበቂ በላይ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ለሰው ዓይን የማይታየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ደግሞ በብዛት ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት በስሌት ሲወጣ ኤንዲቪአይ ይባላል። ባዶ አፈር ከ0 ነጥብ 2 በታች ይሆናል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጤነኛ ቅጠል ከ0 ነጥብ 7 ያልፋል። ካርታው ከቀይ እስከ አረንጓዴ በቀለም ይወጣል።

ቀለሙን ሲያነቡ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገና ሁለት ዓመት ባልሞላው ማሳ ሳተላይቱ የሚያየው አቮካዶውን አይደለም፤ በመሃሉ የተዘራውን ድንች ወይም አረሙን ነው። ያልታረመ ማሳ በካርታው ላይ ከታረመው ይበልጥ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል! ስለዚህ ምስሉ የሚነበበው ሣሩ በደረቀበት፣ በመሃል የተዘራው በተነሳበት በበጋ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ራሱ ስለሚከለክል ምስል አይገኝም። አቮካዶ በአበባ ወቅት አሮጌ ቅጠሉን ስለሚያራግፍም አረንጓዴነቱ ይቀንሳል፤ ይህን አይቶ ማሳው ታመመ ማለት አይገባም። አንዱን ጥግ ከሌላው ጋር፣ የዘንድሮን የካቲት ከአምናው የካቲት ጋር ማነጻጸር ነው ትክክለኛው።

ስልክ ላይ ያለውን የቦታ መፈለጊያ በተመለከተም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በግልጽ ሰማይ ሥር ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ሊስት ይችላል፣ በዛፍ ጥላ ሥር ከዚያም ይብሳል። ዛፎቹ በሰባት ሜትር ርቀት ላይ ከሆኑ የአንዱ ምልክት በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለዛፍ ምዝገባ የሚሻለው የድሮው ዘዴ ነው። ከማሳው አንድ የማይለወጥ ማዕዘን ተነስቶ ረድፍና ዛፍ መቁጠር፤ ረድፍ 4 ዛፍ 6። ይህን ማንም ሰው ነገ ተመልሶ ያገኘዋል።

ዛፎቹ ከተቆጠሩ በኋላ

እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ሲኖረው ከጎኑ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነገር ዝርያው ነው። በአቮካዶ ይህ ከስም በላይ ነው። አበባው በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በአንዱ ቀን እንደ ሴት፣ በሌላው ቀን እንደ ወንድ። ለውጭ ገበያ የሚፈለገው ሀስ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት እንደ ሴት፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ወንድ ይከፈታል። ኤቲንገር፣ ፉኤርቴ፣ ቤከንና ናባል በተቃራኒው ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት እንደ ወንድ። ሁለቱ ወገኖች ተቀራርበው ሲተከሉ ንብ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች። በየስምንቱ ወይም በየአሥሩ የሀስ ዛፍ አንድ የሌላው ወገን ዛፍ ይመከራል።

በኩታ ገጠም ማሳ ላይ ይህ የአንድ አርሶ አደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብናኝ ሰጪው ዛፍ በጎረቤት ማሳ ዳር ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ ለገበያ አይፈለግም ብሎ ቢቆርጠው ጉዳቱ የሚደርሰው እዚህ ነው። ዝርያው በቀለም የተለየበት የጋራ ካርታ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢኖር ግን ማን የማንን ፍሬ እንደሚያግዝ ይታያል። ፍሬ የማይይዘው ጥግ ከብናኝ ሰጪ ዛፍ ርቆ እንደሆነ ወይም ቀፎ አጠገቡ እንደሌለ ከዚያው ይነበባል። ሀስ ተብሎ መጥቶ ሌላ ሆኖ የተገኘ ችግኝም ከየትኛው ችግኝ ጣቢያ እንደመጣ ይታወቃል።

ማንጎ ላይ ያየነው ችግርም ይህን ያስታውሳል። የማንጎ ነጭ ተለጣፊ ነፍሳት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም መጨረሻ በምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። በነፋስ፣ በችግኝና በፍሬ ይጓዛል። ከዘር የበቀለው ረጅሙ ማንጎ አናቱ በጀርባ መርጫ አይደረስም፤ ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው መግረዝና አየርና ብርሃን ማስገባት ነው። የትኛው ግቢ ውስጥ ስንት ያልተገረዘ ማንጎ አለ፣ ነፋሱ ከየት ወደ የት ይሄዳል የሚለውን በቀበሌ ካርታ ላይ ያላሰፈረ ወረዳ ዘመቻውን በሰሚ ሰሚ ይመራል።

የጽድቀት መጠን ሪፖርትም እዚህ ላይ ይነሳል። ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተተከለ የሚለው ቁጥር ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል። ከዓመት በኋላ ስንቱ ጸደቀ ሲባል መልሱ በአብዛኛው ግምት ነው። ካርታ ሲኖር ግን ቁጥሩ የሚጠየቅበት አድራሻ አለው። ከላይ ባየነው ጥማድ 49 ተተክሎ 36 ቢጸድቅ፣ የጎደሉት 13 የት የት እንደነበሩ በካርታው ላይ ይታያል፤ አሥሩ በአንድ ዝቅ ያለ ጥግ ከሆኑ ለዚያ ቦታ ሌላ ችግኝ መላክ ትርጉም የለውም፣ መጀመሪያ ማጠንፈፍ ነው። ኃላፊዎች ዝቅተኛ ቁጥር ሲመጣላቸው ባለሙያውን ከመውቀስ በፊት ካርታውን እንዲያዩ ማሳሰብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ካርታውም እንደ ሪፖርቱ ያማረ ይሆናል።

ለአርሶ አደሩ ሌላም ጥቅም አለው። መንገድ ወይም ሌላ የልማት ሥራ ማሳውን ቢነካ የቋሚ ተክል ካሳ ሲሰላ የዛፎቹ ብዛትና የዕድገት ደረጃ መታወቅ አለበት። ቀን ያለበት፣ የዛፍ ቁጥርና ዝርያ የተመዘገበበት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የፈረመበት ንድፍ በይዞታ ደብተሩ ውስጥ ታጥፎ ቢቀመጥ በክርክር ጊዜ ከምስክር ይሻላል።

ድሮንስ? ከመቶ ሜትር ከፍታ የሚያነሳው ፎቶ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝርዝር ያሳያል፤ የአንዱን ዛፍ አናት ከሌላው ይለያል። ፎቶዎቹ እርስ በርሳቸው ከሦስት አራተኛ በላይ ተደራርበው ይነሱና በኮምፒውተር ይሰፋሉ። ነገር ግን ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ጨምሮ የሚመለከታቸው አካላት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ባትሪውም በአንድ በረራ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይዘልቅም፤ ኮምፒውተሩና ሠልጣኙም አሉ። ለአንድ ወረዳ ብቻ መግዛት አያዋጣም። ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ማዕከል በዓመት አንድ ጊዜ በበጋ መጥቶ ኩታ ገጠሞቹን ቢያነሳ፣ ወረዳው ደግሞ የዛፍ ምዝገባውን አስቀድሞ ጨርሶ ቢጠብቅ ይመረጣል። ምዝገባ የሌለው የድሮን ፎቶ የሚያምር ሥዕል ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ደመናው በጥቅምት ሲገፍ የመጀመሪያው ምስል ይወሰዳል፤ የዛፍ ቆጠራው ማሳው በሚደርቅበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይሠራል፤ የካቲት ላይ ሁለተኛው ምስል ተወስዶ ከቆጠራው ጋር ይነጻጸራል፤ በደከመው ጥግ ሥር የሚቆፈረው መጋቢት ነው። የማጠንፈፊያ ቦዩ እስከ ግንቦት ካልተቆፈረ ግን ሰኔ ላይ ውኃው ቀድሞ ይደርሳል፤ ካርታውም እስከሚቀጥለው ጥቅምት በመደርደሪያ ላይ ይቆያል።